ውሃ አቀባይ የሌላት አጣቢ

ንያንዴ ጎህ ሲቀድ አረፈች። ሬሳ የነካውን ሁሉ የሚይዘው በሽታ ከኬኔማ ከተማ በሚመጣው መንገድ ዳር ያሉትን መንደሮች ሲያዳርስ ከርሞ ንጋሉ መንደር የገባው በእሷ ቤት በኩል ነው። ባይንዱ ለእንባ እንኳ ጊዜ አላገኘችም። ከሟቿ ጋር በልጅነት ለሴትነት ሥርዓት አብረው ጫካ ገብተው፣ አብረው ሴት ተብለው የወጡ ናቸው። ዛሬ ግን የመንደሩ ሴቶች አለቃ ናትና ዱካዋን የሟቿ በር ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች፤ ማንም እንዳይገባ።

የጤና ሰዎች በቅርቡ ከተማ ወስደው አሰልጥነዋት ነበር። እንደተመለሰች ሴቶቹን ሰብስባ አፏን ሞልታ ተናገረች። "ሬሳ አትንኩ። እንደውላለን፣ በዚያው ቀን መጥተው በወጉ ይቀብሩልናል።" ሴቶቹ ተንጫጩ። በመንዴ ሕዝብ ወግ ያልታጠበች ሴት ወደ ሙታን አገር የሚያሻግረውን ውሃ አትሻገርም፤ ወዲህ ማዶ ቆማ ትቀራለች።

"ካልመጡስ?" ብላ የጠየቀቻት የንያንዴ ልጅ ተኔ ነበረች።

"ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልመጡ በሩን ራሴ እከፍትላችኋለሁ።"

ሰው ከስልጠና ሲመለስ እንዲህ ያለ ድፍረት አያጣም።

ባይንዱ ማለዳ ደወለች። መኪናው ተነስቷል አሏት። እውነትም አንድ መኪና መጣ። ሁለት ልጆች ወርደው ነጭ ልብሳቸውን ለበሱና ከሟቿ አፍ ምራቅ ወስደው ወጡ።

"እሷንስ?" አለች ባይንዱ።

"እኛ ናሙና ብቻ ነን፣ እማማ። ቀብር ሌላ ድርጅት ነው።"

"እሺ፣ ለሌላው ድርጅት ንገሩልኛ!"

"ስልካቸው የለንም" ብለው ሄዱ።

ቀጥሎ የመጣው መድኃኒት የሚረጨው ነው። ሬሳው ሳይወጣ አልረጭም አለ። ትንሽ ጠብቅ ብትለው ነዳጅ የተሰፈረለት ለደርሶ መልስ ብቻ እንደሆነ ነግሯት መኪናውን አዞረ። ከእሱ ኋላ ሩዝ የጫነ መጣ። ሟች ያለበት ቤት ስለሚታገድ ለቤተሰቡ ቀለብ ታዝዞ ነው። ሰውየው ጆንያዎቹን አራግፎ "በርቱ" ብሎ ሄደ።

"እንግዲህ እናቴ ሩዝ ትብላ!" አለች ተኔ። ከሴቶቹ አንዷ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች።

ባይንዱ እንደገና ደወለች። ቀባሪዎቹ ወንዙ ጋ ናቸው አሉ። ምን ያደርጋሉ? የሬሳ መያዣው ከረጢት በሌላ መኪና ስለሆነ እሱን እየጠበቁ ነው። ያኛውስ መኪና? እሱ ደግሞ ቀባሪዎቹ እስኪደውሉለት እየጠበቀ ነው። ባይንዱ ስልኩን ጭኗ ላይ ጣለችው። መሳደብ አማራት፤ ግን የምትሰድበው ሰው አልነበረም። ሁሉም ትሁት ናቸው፣ ሁሉም "እማማ" ይሏታል፣ ሁሉም የድርሻውን ሠርቶ ይሄዳል። ሰውነቷ ዛለ። እንዲህ ያለ ድካም እርሻ ውላም አያውቃት።

ጥላው ረዘመ። ሴቶቹ ውሃ ቀድተው፣ ገንዳውን ይዘው በሩ ፊት ተሰለፉ።

"እቴቴ፣ ፀሐይዋ ያውልሽ" አለች ተኔ። "ቃልሽ የት አለ? እናቴ እንደ ውሻ ትበስብስ? ያንቺ እህት አይደለችም?"

ባይንዱ አንድ በአንድ አየቻቸው። ግማሾቹ ጡት የሚጠቡ ልጆች አሏቸው። ቃሏን ብታጥፍ በኃይል ይገባሉ፤ ከዚያ ወዲያም ሬሳ አትንኩ ብትል የሚሰማት የለም። ብትከፍትላቸው ደግሞ ሁሉም እጃቸውን በአንድ ገንዳ ታጥበው ወደየልጆቻቸው ይሄዳሉ። ስልጠናው ላይ የነገሯት ይሄንኑ ነበር፤ እሱስ እውነት ነው።

"ማጠብ የማን ነው?" አለች።

ሴቶቹ ገንዳውን ይዘው ወደ በሩ ተጠጉ።

"የማን ነው? ተናገሩ እንጂ!"

"የአለቃዋ" አለች አንዷ አሮጊት።

"እናንተስ?"

"ውሃ አቀባይ።"

"እንግዲህ ዛሬ አቀባይ አያስፈልገኝም። ውሃውን ደጃፉ ላይ አስቀምጡና ወደ ኋላ በሉ።"

"እቴቴ፣ ተይ..." አለች ተኔ። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር።

"ይሄን ተይ ጠዋት አትዪውም ነበር?" አለች ባይንዱ፤ ግን አልተቆጣቻትም።

ጓንት ስላልነበራት የሩዙ ጆንያዎች የተሸፈኑባቸውን ፌስታሎች እጆቿ ላይ አሰረች። ገብታ ከውስጥ ቀረቀረች። ንያንዴን ከራሷ ጀምራ አጠበቻት፤ በልጅነታቸው ጫካ ውስጥ የተማሩትን ዘፈን በለሆሳስ እያንጎራጎረች። በጎኗ ስታገላብጣት የቀኝ እጇ ፌስታል ተቀደደ። አየችው። ሌላ አልነበራትም፤ ማጠቡም ገና አላለቀም፤ ቀጠለች። ያኔ ነው ያለቀሰችው፣ ለንያንዴም ለራሷም።

ነጭ ጨርቅ አልብሳት ስትወጣ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ቀባሪዎቹ ናቸው፣ ከረጢቱ ነው፣ ረጪውም ከኋላቸው አለ። ቀኑን ሙሉ የጠፋው ሁሉ ባንዴ መጣ።

"ማን ነካት?" አለ አለቃቸው።

"እኔ። እኔ ብቻ።"

ተኔ እየሮጠች ልታቅፋት መጣች።

"እንዳትነኪኝ!" ብላ ጮኸችባት። ተኔ እመሬት ላይ ቁጭ አለች።

ንያንዴን በወጉ አወጧት፤ ሴቶቹ ከሩቅ ሸኟት። ሰውየው መኪና ሊገባ ሲል ባይንዱ ጠራችው። "እኔንስ? የት ልሂድ?"

"ከሰው ተለይተው ይቀመጡ፣ እማማ። የነካ ሰው የሚከታተሉ አሉ። እኛ ቀብር ብቻ ነን።"

ባይንዱ ዱካዋን በእግሯ እየገፋች ከመንደሩ ዳር ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር አደረሰችና ተቀመጠች። ተኔ ከሩቅ ቆማ ደወለች። ብዙ አወራች፣ ደጋግማ የመንደሩን ስም ጠራች።

"ምን አሉ?" አለች ባይንዱ።

ተኔ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች።

"መኪናው ተነስቷል አሉ።"