የልጣጩ ክምር ትኩሳት

ታቢታ ለማስተርስ ስዊድን በቆየችባቸው ሁለት ዓመታት ያየችው ነገር ከልቧ አልወጣም፤ ከተማው ቆሻሻውን አቃጥሎ ቤቶቹን ያሞቃል። ሐዋሳ ተመልሳ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር እንደጀመረች፣ መናኸሪያ አካባቢ ቆሻሻ የሚሰበስቡ ሴቶች ማኅበር ዘንድ ሄደች። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ቆሻሻ ሲሸከሙ ውለው የሚታጠቡት በቀዝቃዛ ውሃ ነበር።

"ከዚሁ ከቆሻሻው ሙቅ ሻወር እሠራላችኋለሁ" አለቻቸው።

ስድስት ወር ለፍታ ትልቅ ምድጃ አሠራች። በምርቃቱ ቀን ግን ከምድጃው የወጣው ጭስ ብቻ ነበር። የአቮካዶና የማንጎ ልጣጩ፣ እርጥቡ የጫት ገረባ እሳቱን አዳፈነው። እንግዶቹ እያሳሉ ተበተኑ።

በማግስቱ ምድጃውን ልታስፈርስ ስትመጣ፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ እትዬ አለምነሽ ክንዷን ይዘው ከምድጃው ጀርባ ወደተከመረው ልጣጭ ወሰዷት።

"እጅሽን ክተቺ።"

"እዚህ ውስጥ?"

"ክተቺ አልኩሽ!"

እስከ ክርኗ ከተተችና ወዲያው መንጭቃ አወጣች። ያቃጥላል!

"ሲበርደን እግራችንን የምናሞቀው እዚህ ነው" አሉ እትዬ አለምነሽ። "አንቺ እሳት ልታቀጣጥዪበት ትታገያለሽ፤ እሱ ሲበሰብስ በራሱ ይግላል።"

"ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገሩኝም?"

"መቼ ጠየቅሽኝ?"

ታቢታ አፈረች፤ ከዚያም ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ትጠይቃቸው ጀመር። የቡና ገለፈት ሲቀላቀልበት ሙቀቱ እንደሚብስ፣ ካልተገላበጠ እንደሚበርድ አንድ በአንድ ነገሯት። በዚያው ሳምንት አዲስ ክምር ከመሩ፤ በመሀሉም ረጅም ጥቁር የውሃ ቱቦ ጠምዝዘው ቀበሩ፤ ጫፉንም አጠገቡ ወደሠሩት ሻወር ቤት አስገቡት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የዩኒቨርሲቲ ባልደረባዋ መምህር ምንያህል ከቱቦው የሚወጣውን ውሃ በቴርሞሜትር ለካ።

"ሃምሳ ስምንት ዲግሪ!" ብሎ ጮኸ።

ሻወር ቤቱ ቀድመው የገቡት እትዬ አለምነሽ ነበሩ። ወዲያው ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። ሁሉም ደንግጠው ወደ በሩ ሮጡ።

"ቀዝቃዛ ጨምሩልኝ እንጂ! ልትቀቅሉኝ ነው?" አሉ ከውስጥ፤ ሳቃቸው ግን ቀድሟቸው ወጣ።

እልልታው ቀለጠ። ሴቶቹ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተሰለፉ፤ አንዷ መዝሙር አነሳች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። ታቢታ ተራዋ ሲደርስ ገብታ ከሙቁ ውሃ ሥር ቆመች። መውጣት አቃታት።

"ኧረ ውጪ፣ ሰው ቆሟል!" አሉ እትዬ አለምነሽ በሩን እየደበደቡ።