ድምፅዋ ብቻ የተዳረባት ትርንጎ

የትርንጎ ድምፅ በጥር ተዳረ፤ ትርንጎ ግን ሳትዳር ቀረች።

እኔ የሰው ጓዳ አላይም። መስኮቴ ነው ወደ እነሱ የዞረው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ መጀመሪያ ያየሁ እኔ ነኝ። ሦስት ናቸው፤ ባርኔጣቸውም ፊታቸውም አመድማ። የሲኒማ ምስል መናገር የጀመረበት ዓመት ስለሆነ ከሸራው ወርደው መምጣታቸው ያስታውቃል። እንደ ደንቡ በር ላይ ቆሙ። ተቀመጡ ቢባሉ፣

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ።

የትርንጎ አክስት እትዬ ደብሪቱ ሽማግሌ አቁመው አያውቁም። «ለማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ፊልሙ ውስጥ ላለው ጎልማሳ። የሚያስቅ የፍቅር ፊልም ነው፤ መጨረሻው ሰርግ ነው። ልጅቷ ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ልብስ ስታጥብ ሳቋን ሰምቶ ወደዳት።»

እሺ አልን። እኔም ብያለሁ፤ ጎረቤት ቤተሰብ ነው። ምኗን እንደሚወስዱ የጠየቅነው እሺ ካልን በኋላ ነው።

«ለጊዜው ድምፅዋን» አሉና ተቀመጡ። «እሷም ሙሽራ ሆና ትከተላለች። ለመልሱ ባልና ሚስት አብረው ይመጣሉ።»

ቃል ከወጣ ወዲያ ምን ይደረጋል? ትርንጎ ደስ ብሏት ሳቀች። ሳቁን መሃል ላይ ወሰዱት። በሳምንቱ እሷንም ጠሯት፤ ወደ ሸራው ገባች።

ሰፈሩ ጥልፍ ቀሚሱን ለብሶ ሲኒማ ቤት ሄደ። ሙሽራይቱ ነጭ ናት፤ ጥርሷ ድርድር ያለ። አፏን ስትከፍት የወጣው የትርንጎ ድምፅ ነው። ሳቋም የትርንጎ ነው፣ ያው በፍንጭቷ በኩል የሚያፏጨው።

«የኛዋ የታለች?» አለች በርበሬ ነጋዴዋ ፋናዬ።

«ሸራው ላይ፣ በሩ ጋ፤ ሽርጥ የታጠቀችው» አልኳት።

ሙሽራው ገባ። ትርንጎ በር ከፈተችለት። ባርኔጣውን ሰጣትና ፊቷን ሳያይ አለፈ። ነጯ በትርንጎ ድምፅ «እሺ» አለችው፤ ተሳሳሙ። ትርንጎ በሩን ዘጋች።

«እልል ልበል ወይስ ልተው?» አለች ፋናዬ።

«ድምፅዋ እኮ እያገባ ነው» አልኳት።

እልል አለች፤ ግማሹን። እኔ ሽማግሌዎቹን ፈለግሁ። እዚያው ሰርጉ ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ያን ቀን ማንም ቁሙ አላላቸውም።

ትርንጎ ባርኔጣውን እንደያዘች ከሸራው ወጣች። መልኳ አመድ ሆኗል። እትዬ ደብሪቱ ዶሮውን ሠርተው፣ ቤቱን ጎዝጉዘው ለመልሱ ጠበቁ። የመጣ የለም። ፊልሙ በቆርቆሮ ታሽጎ ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ነው ሲባል ድስታቸውን ተሸክመው ባቡር ጣቢያ ወረዱ፤ ትርንጎን ይዘን ተከተልን።

«ሽማግሌ ልኮ ቆርቆሮ ውስጥ መደበቅ!» አሉ እትዬ ደብሪቱ ቆርቆሮውን እያንኳኩ። «አንተ፣ የእህቴን ልጅ ድምፅ አምጣ!»

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። የትርንጎ ሳቅ ነው።

ተሸካሚው ቆርቆሮውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ፉርጎው ሲመጣ ሁለቱም እጆቹ ተይዘዋል። «ያዥው! በሩን ያዥው!» ብዬ ፉርጎው በር ላይ ለቆመችው ትርንጎ ጮህኩ፤ ዘግታ እንድትይዝበት ነበር።

ትርንጎ ዝቅ ብላ ከፈተችለት።

ባቡሩ ተነሳ። ሳቁ እየራቀ ሄደ። ትርንጎ ባርኔጣውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ አፏ ከሳቁ ጋር ይከፈታል፣ ይዘጋል። እኛ ምንም መስማት ካቆምን፣ ባቡሩም አቃቂን ካለፈ በኋላም አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል።