ያልጠፋው ስልክ

ከአገር የወጣ ሰው ፓስፖርቱ እንዴት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል? ሙሉመቤት ያን ዕለት ጠዋት ከናይሮቢው ኢስትሊ ሰፈር እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ይህን ስታብሰለስል ሄደች።

ልጇን ሚናስን ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ከገጨው አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ሁርሊንግሃም ሰፈር ካለ ሆስፒታል ራሱን ስቶ ተኝቶ ሲከርም በመስታወት ብቻ ነበር የምታየው። ትናንት ታዲያ የሟች ባሏ ወንድም ገብሬ መጣና፣ ሐኪሞቹ በአስቸኳይ ወደ አዲስ አበባ እንደላኩት፣ እሷም በማግስቱ ከሚስቱ ከጽጌ ጋር እንድትከተል ነገራት። ፓስፖርቱን ያየችው የልጇን ልብስ ስትሸክፍ ነው። ገብሬን ብትጠይቀው፣ በሽተኛ የሚሄደው በሌላ ወረቀት ነው አላት። ገብሬ ሃያ ዓመት ናይሮቢ የኖረ፣ የወረቀት ነገር የሚያውቅ ሰው ነው። እሷ ስለ ወረቀት ምን ታውቃለች? 

አውሮፕላኑ ውስጥ ጽጌ መስኮቱን ያዘች፤ ሙሉመቤት መካከል ገባች። በወዲያ በኩል ታመነ የሚባል የኢስትሊ ጨርቅ ነጋዴ ተቀመጠ። በሩ ተዘግቶ ስልክ አጥፉ ሲባል፣ ሙሉመቤት የራሷን ገና ደረጃው ላይ አጥፍታ ነበር። ስልክ አውሮፕላን ያሳስታል ሲሉ ሰምታለች፤ ከሚናስ የሚያዘገያት ነገር ሁሉ ያስፈራታል። ታመነ ግን ግማሹን በስዋሂሊ፣ ግማሹን በአማርኛ ስለ ጨርቁ ይከራከራል። አስተናጋጇ አናቱ ላይ ብትቆምም አንድ ጣቱን አንሥቶ ወሬውን ቀጠለ። ጽጌም ስልኳን ነጠላዋ ሥር ትሸጉጥና አስተናጋጇ ስታልፍ መልሳ ታወጣዋለች።

"ጽጌዬ፣ በሚናስ ይዤሻለሁ፣ አጥፊው" አለች ሙሉመቤት።

ታመነ ሳቀ። "አይፍሩ፣ እናቴ። አውሮፕላን በስልክ የሚወድቅ ቢሆን፣ እኔ ብቻዬን ስንቱን በጣልኩ።"

ጽጌ አጠፋሁት አለች። አላጠፋችውም። ሙሉመቤትም መጥፋቱን ሳታይ አላምን ብላ ዓይኗን ስልኩ ላይ ተከለች። ጽጌ የምትጻጻፈውን አልደበቀችም። ለምን ትደብቃለች? ሙሉመቤት ፊደል እንደማትለይ ቤተ ዘመድ ሁሉ ያውቃል፤ የሚያነቡላት እነሱ ናቸው። ያላወቁት፣ ሰባት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምርቃት ከምትባል አስተማሪ ዘንድ ስትማር መክረሟን ነው። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ሀ ሁ ማለቷ አሳፍሯት ለሚናስ ብቻ ነበር የነገረችው።

አስተማሪዋ እንዳሳየቻት ጣቷን ጉልበቷ ላይ እያስኬደች አንድ በአንድ አነበበች። መጀመሪያ የለየችው የልጇን ስም ነበር።

"ሚናስ ነቃ። እናቴ የት ናት ይላል። ምን ልበለው?"

ናይሮቢ ከቀረው ከገብሬ ነው። ጽጌም "አውሮፕላን ላይ ነን። ስንደርስ እንነጋገር" ብላ መለሰች።

ሙሉመቤት ንባቧን አላመነችውም። እንደገና ከላይ ጀመረች። ያው ነው።

"ጽጌ፣ ልጄ የት ነው?"

"አዲስ አበባ ነዋ፣ ሙሉዬ።"

ሙሉመቤት ጣቷን ስልኩ ላይ አሳረፈች። "ሚ... ናስ... ነ... ቃ።"

ከጽጌ ፊት ደም ሸሸ። ከመቼ ወዲህ ማንበብ እንደቻለች ጠየቀቻት፤ ከዚያ አለቀሰች። ሐኪሞቹ አያድርም ብለው እንደነበር፣ እናት በሰው አገር ደጋፊ በሌለበት መርዶ እንዳትሰማ፣ ቤተ ዘመድ ባለበት ጎሕ ሲቀድ እንዲነገራት መማከራቸውን ነገረቻት። አስከሬኑ ይከተላል ብለው ነበር። ክፋት አልነበረበትም። የጽጌ እናት ስትሞትም ጽጌን ወደ ቤት የወሰዷት አሟታል ብለው ነው።

"ልጄ በሕይወት እያለ ነው ለቅሶ የምታስቀምጪኝ?" አለች ሙሉመቤት።

ቀበቶው አልፈታ አላት። ታመነ ስልኩን ጭኑ ላይ ጣለና ፈታላት። አስተናጋጇ እየሮጠች መጣች፤ በሩ መዘጋቱን፣ አሁን መውረድ እንደማይቻል፣ ሻንጣዋን ፈልጎ ማውረዱ ሁሉን ሰው እንደሚያዘገይ አስረዳቻት። ከኋላ አንድ ሰው፣ ቤቷ ሆና አታስብበትም ነበር ወይ ብሎ አጉረመረመ። ሙሉመቤት ዕድሜ ልኳን ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ተቀመጪ ሲላት የምትቀመጥ ሴት ነበረች።

"ልጄ እየጠራኝ ነው" አለች። "እግሬ ላይ ውደቂ ካልሽኝ እወድቃለሁ። አልቀመጥም ግን።"

አስተናጋጇ አየቻት፤ ከዚያ ወደ ፊት ሄዳ ከአብራሪዎቹ ጋር ተነጋገረች። በሩ እስኪከፈት ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሙሉመቤት ሃያውንም ደቂቃ መተላለፊያው ላይ ቆማ፣ የልጇን ስም በከንፈሯ ስትል ቆየች። ጽጌ አብሬሽ ልውረድ አላለችም፤ አዲስ አበባ ድንኳን ለመጣል የተዘጋጁትን ዘመዶች የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። ጠርዙ በእንባ የራሰውን ነጠላዋን አውልቃ ሙሉመቤት ትከሻ ላይ ጣል አደረገችላትና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ጽጌ በዚያው አውሮፕላን ሄደች። ሙሉመቤት ናይሮቢ ቀረች፤ ሚናስም እስከ ሐሙስ ጠዋት ቆየ፤ ያረፈው እጁ በእጇ እንዳለ ነው።