ሳይጠየቅ የተሰጠ ካሴት

የተሰበረው የዓለምነው ወገብና ጭን እንጂ ምላሱ አልነበረም። ይህን የሚያስታውስ ሰው ግን በቤቱ ጠፋ። መስከረም ላይ ደብረ ማርቆስ ከተማ የአንድ ፎቅ ግድግዳ ሲለስን፣ የቆመበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ተሰብሮ ከወደቀ ወዲህ፣ ስለ እሱ የሚነገረው ሁሉ በአናቱ ላይ እየተሻገረ የሚሄድ ሆነ። "ምሳውን በላ?" ይባላል፤ የምትጠየቀው እናቱ ናት። "ሌሊቱን እንዴት አደረ?" ይባላል፤ የምትመልሰው እህቱ ናት። አልጋውን ከጓዳ አውጥተው ሳሎን መሃል ሲዘረጉትም ለጠያቂ እንዲመች ብለው ነው። ለታማሚው ይመቸው እንደሆነ ያሰበ የለም። ሰው አልጋ ላይ ሲውል በአገራችን የሁሉ ንብረት ይሆናል፤ አንዱ ትራሱን ያነሣለታል፣ አንዱ መስኮቱን ይዘጋበታል፣ ሌላው ያላሰኘውን ብርቱካን ልጦ አፉ ላይ ይደቅንበታል። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው። ፍቅር መሆኑን ዓለምነውም አይክድም፤ ግን አንገፍግፎታል።

የራሴ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶት ነበር። በጉርምስናው መናኸሪያው አጠገብ የነበረ ጌም ቤት ሲዘጋ የገዛው አሮጌ ማጫወቻና አንዲት ካሴት ነበሩት። ካሴት ሲባል የዘፈኑ አይደለም፤ ከማጫወቻው አናት ላይ የሚሰካው ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ ጨዋታው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የዓለምነው ጨዋታ ኳስም የለበት፣ መኪናም የለበት። አንድ መንገደኛ በትር ይዞ ከአገር አገር በእግሩ ይሄዳል፤ ወንዝ ይሻገራል፣ ከሽፍታ ይታገላል፣ በየመንደሩ ስንቅ ይሰንቃል። ሲመሽ ከእንግዳ ማረፊያ ገብቶ ሲያድር ካሴቷ የደረሰበትን ትይዝለታለች። በሆዷ ትንሽ ባትሪ ስላለቻት መብራት ቢሄድም አትረሳም። ማርቆስ ላይ ደግሞ መብራት የሚሄደው ሳይሰናበት ነው።

ዓለምነው በዚያ ሰውዬ እግር ይሄድ ነበር። ለማንም አልተናገረም፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው ልሳኝ ይህን ቢናገር መሳቂያ መሆን ነው። ነገር ግን ከመስከረም እስከ ፋሲካ፣ ጠያቂው ሁሉ ወጥቶ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ጆይስቲኩን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲሄድ ሲሄድ፣ መንገደኛውን ከመጨረሻው ተራራ ግርጌ አድርሶት ነበር። ከተራራው ማዶ ያለችው ከተማ የጉዞው ሁሉ ማብቂያ ናት። እዚያ በገዛ እጁ ሊገባ ነው። ከዚህ ሌላ የሚጠብቀው ነገር አልነበረውም።

በፋሲካ ሳምንት እንግዲህ ደግ ዘመዶች መጡበት።

የመጀመሪያው የእናቱ ወንድም እንዳላማው ነው። በደጀን መንገድ ከባድ መኪና የሚነዳ፣ ባዶ እጁን ሰው ቤት መግባት ከሞት የሚቆጥር ሰው። ለልጁ መጽናኛ ይሁነው ብሎ ከአዲስ አበባ አዲስ ካሴት ይዞለት መጣ፤ ፊቷ ላይ ሺህ ጨዋታ አላት ተብሎ በወርቅማ ቀለም ተጽፎባታል። በማግሥቱ የእህቱ ባል መሳፍንት ደረሰ። እሱ ኮምፒውተር አዋቂ ነኝ ባይ ነው፤ ውጭ አገር ባለ ጓደኛው በኩል አስመጥቶ ሌላ ካሴት አመጣ፤ ይችኛዋ የስልክ ሚሞሪ ካርድ የምትጎርስ፣ ከኮምፒውተር የፈለጉትን ጨዋታ የሚጭኑባት ናት። ሁለቱ ሰዎች አንድ ሳሎን ውስጥ ሲገናኙ የሆነውን መገመት አያዳግትም።

መጀመሪያ ያደረጉት የዓለምነውን ካሴት ነቅለው ቡፌው ላይ መወርወር ነው። መንገደኛው ማረፊያ ይግባ አይግባ ማን ይጠይቃል። ከዚያ አንዱ የራሱን ይሰካል፣ ሌላው ይነቅልና የራሱን ይሰካል። የእንዳላማው ካሴት ገና ሲሰኳት ጨዋታዎቿን ትዘረግፋለች፤ ይህ የማይካድ ነው። ግን ሺህ የተባሉት ጨዋታዎች ቢቆጠሩ አንድ እፍኝ አይሞሉም፤ ያችው አውሮፕላን አንድ ቦታ ቀይ፣ ሌላ ቦታ ሰማያዊ ሆና፣ በየገጹ ስሟን እየለወጠች ትመጣለች። መሳፍንት ይህን እያሳየ ከት ብሎ ሳቀ። እንዳላማው ተናደደና የመሳፍንትን ካሴት አቀርቅሮ ይመረምራት ጀመር። የመሳፍንቷ ለመነሣት ትለግማለች፣ ስትነሣ ግን ያልያዘችው ጨዋታ የለም፤ የዓለምነው መንገደኛ ሳይቀር አለባት።

"ይኸው የአንተው ጨዋታ" አለ መሳፍንት፣ ፊቱን ወደ አልጋው ሳይሆን ወደ እንዳላማው አዙሮ። "ያው ነው።"

ያው አልነበረም። መንገደኛው ገና ከመጀመሪያው መንደር፣ ስንቁን ሳይቋጥር ቆሟል። በዚያ ላይ የመሳፍንት ካሴት የደረሱበትን እንድትይዝ ከማጥፋት በፊት ሪሴት የምትባለዋን ቁልፍ መጫን ግድ ነው። መሳፍንት ጥቂት ከተጫወተ በኋላ ይህንኑ ሊያሳይ ጣቱን ሲዘረጋ መብራት ሄደ። ሲመለስ የተጫወተው ሁሉ የለም። አሁን የመሳቅ ተራው የእንዳላማው ሆነ። የእሱ ካሴት ጭራሽ ምንም እንደማትይዝ ሲነገረው "የማትይዝ አትረሳም" ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ እስከ እራት ዘለቀ፤ ሁለቱ የተስማሙበት ቢኖር የዓለምነው ካሴት አሮጌ ዕቃ መሆኗ ብቻ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። የሚነቀነቀው አጥር የማን እንደሆነ ግን ከሁለቱ አንዱም አላሰበም።

ሦስተኛው እንግዳ የሟቹ አባቱ የአጎት ልጅ ውበቱ ነው። ጉንደ ወይን ከተማ እህል የሚነግድ፣ የተከበረ ሰው ነው፤ ማር ይዞ ሊጠይቅ መጣ። "እግዚአብሔር ይማርህ" ብሎ ተቀመጠ፣ የሁለቱን ክርክር ሰማ፣ ከዚያ ዓይኑ ቡፌው ላይ አረፈ። ይችን የመሰለች ካሴት ልጆቹ እንደነበሯቸው፣ እንደተሰበረችባቸውና ማጫወቻው ሥራ ፈትቶ እንደተቀመጠ እንዲያው ለጨዋታ ያህል ተናገረ። ይህን ብሎ ነበር፤ ሌላ አላለም።

እናቱ የብርጓል የማርቆስ ሴት ናት። በቤቷ ያለ ዕቃ በእንግዳ ዓይን ከገባ ያ ዕቃ የእንግዳው ነው። ብድግ ብላ ካሴቷን አነሣችና ውሰድላቸው አለችው። ውበቱ እንደ ወጉ እምቢ አለ። እሷ እንደ ወጉ በሞቴ አለች። እሱ የታማሚ ዕቃ አልወስድም አለ፤ እሷ ለእሱማ ሁለት አዲስ መጥተውለታል አለች።

"እማዬ፣ እሷን አይደለም" አለ ዓለምነው።

"ተዋት፣ የእኔዋ ትሻልሃለች" አለ እንዳላማው። "የእኔዋ" አለ መሳፍንት። በዚህ መሃል ካሴቷ ውበቱ ኪስ ገባች።

ዓለምነው መጮህ ይችል ነበር። አልጮኸም። እሱም የዚያው አገር ልጅ ነው፤ እንግዳ ፊት "ዕቃዬን መልስ" የሚል አፍ አልተሠራለትም፤ ማሩን ያመጣ ሰው ከእነ ኃፍረቱ እንዲወጣ ማድረግ አልሆነለትም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጥርሱን ነከሰ። ውበቱ ተሰናብቶ በሩ ሲዘጋ ግን የያዘው ሁሉ ፈነዳ። ለእናቱ፣ ለአጎቱ፣ ለአማቹ፣ ለሁሉም ያልተናገረው አልነበረም። እነሱም ደነገጡ፤ ከዚያ ተያይተው ሳቁ። አንድ ትልቅ ሰው ለልጅ መጫወቻ!

ሳቁ ነው የጨረሰው። ካሴቷ ካልተመለሰች እህል አልቀምስም አለ፤ አልቀመሰምም። እናቱ ዶሮ ሠራች፤ አልነካውም። እህቱ ለመነችው፤ ፊቱን አዞረባት። በማግሥቱም እንዲሁ ዋለ። ጊዜው ሌላ ቢሆን ቤተሰቡ ግትርነት ነው ብሎ ባለፈው ነበር፤ ጊዜው ግን ሃምሳው ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የብርጓል ከልጇ ረሃብ ይልቅ በዚህ ወቅት ከቤቷ የሚጾም መገኘቱ አስደነገጣት፤ ጎረቤት ሳይሰማ ብላ የንስሐ አባታቸውን መምሬ ገዳሙን አስጠራች።

መምሬ ገዳሙ መጥተው መስቀል አሳለሙና ተቀመጡ። እንዳላማውና መሳፍንት ነገሩን ሊያስረዷቸው ሁለቱን ካሴት ጭናቸው ላይ አስቀመጡላቸው፤ የቱ እንደሚይዝ፣ የቱ እንደሚበዛ፣ የቱ እንደሚፈጥን እየተነጣጠቁ አስረዱ። መምሬ ሁለቱንም በጥሞና ሰምተው ካሴቶቹን ወደ ጎን አደረጉና ወደ አልጋው ዞሩ።

"ልጄ፣ ይህን ጾም ከየት አመጣኸው? በሃምሳው ቤተ ክርስቲያን ያላወጀችውን?"

"አልጾምሁም አባ" አለ ዓለምነው። "ተቆጥቼ ነው።"

መምሬ ወደ የብርጓል ዞረው፣ ቁጣውን ያመጣው ነገር ካልተነሣ ረሃቡ አይነሣም፣ በሃምሳው የሚራብ ሰው ያለበት ቤት ደግሞ ቤቱ ነው የሚጠየቀው አሉ። "ጉንደ ወይን ሂጂና አምጪያት" አሉ።

የብርጓል የምትገባበት ጠፋት። የሰጠችውን ልትጠይቅ! በዕድሜዋ ጨው እንኳ አበድራ መልሱልኝ ያላለች ሴት። ወንድሟን ሂድ ብትለው የራሱን ካሴት የሚያሳንስ ጉዳይ አልፈጽምም አለ፤ አማቿም እንዲሁ። በነጋታው ነጠላዋን ተከናንባ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ወደ ማታ ተመለሰች። ፊቷ ላይ የሚነበበው ነገር ቢኖር ድካምና ውርደት ብቻ ነው። የውበቱ ሚስት ካሴቷን የሰጠቻት በፈገግታ ነበር፤ ያ ፈገግታ ግን በዘመድ ሠርግና ለቅሶ ላይ ገና ብዙ ዓመት ይነገርባታል። ካሴቷን ደረቱ ላይ አኖረችለት።

"ልጆቹም ጨርሰነዋል፣ ከእንግዲህ አያስፈልገንም ብለዋል አለችኝ ሚስቱ" አለች፣ ሊያጽናናው።

ዓለምነው ቀና አለ። እህቱ ካሴቷን ሰካችለት። ሥዕሉ ሲመጣ መንገደኛው ከተራራው ግርጌ አልነበረም። ከተማዋ ውስጥ፣ ከትልቁ በር ወዲያ ማዶ ቆሟል፤ ሕዝቡ ዙሪያውን ከቦት እጁን ያውለበልብለታል፤ በትሩ ከግድግዳው ተደግፋ ተቀምጣለች። የማያውቃቸው ልጆች ጉንደ ወይን ተቀምጠው፣ እሱ ሳይኖር፣ ተራራውን አሻግረው አስገብተውታል። ዓለምነው ውስጡ ተቃጠለ።

እናቱ ነገሩ የገባት ያህል ደስ አላት። "ይኸው ደርሷል አይደል? ስትጓጓለት የከረምኸው አገር ይህ አይደል? ታዲያ አሁን ምን ጎደለብህ?"

"እኔ አላደረስሁትም።"

"ማንም ያድርሰው፣ ዓለሜ። ዋናው መድረሱ ነው።"

ያች ጨዋታ ካለቀች አሁን የእኔዋን ብንሞክር ምን ይመስላችኋል እያለ መሳፍንት ከኋላ ይናገራል፤ እንዳላማውም የእኔዋ ትቅደም ይላል። ዓለምነው ሁለቱንም አልሰማቸውም። ከጨዋታው ወጥቶ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰና የመንገደኛው ጉዞ የተያዘበትን ቦታ መርጦ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ማያው ጠቆረና መሃሉ ላይ በእንግሊዝኛ አጭር ጽሕፈት ብቅ አለ።

የብርጓል ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ጽሕፈቱን አየችው። "ምን ይላል ይሄ?" አለች።

"ይጠይቀኛል" አላት። "የሄድኸው መንገድ ሁሉ ይጥፋና ከመጀመሪያው መነሣት ትፈልጋለህ ወይ ይላል።"

"ማንን ነው የሚጠይቀው?"

"እኔን ነው" አለ ዓለምነው። "ከመስከረም ወዲህ ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ እሱ ነው።"

ዓለምነው አዎ የሚለውን ተጫነ።