በካልሲ የተጠቀለለው ፍላሽ

ልብስ ሰፊዋ ክፉ ነገር ሳይመጣ ወጥታ የምትቀበል ሴት ናት። ልጇ አሥር ደቂቃ ከዘገየች መኪና ገጭቷታል፤ ስልክ ካቃጨለ ሰው ሞቷል። ስለዚህ የቤቱ ኮምፒውተር በየደቂቃው መስኮት እየከፈተ "እንኳን ደስ አለዎት፣ መኪና አሸንፈዋል" ማለት ሲጀምር፣ "የፈሩት ይደርሳል" ብላ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

ታናሽ እህቷ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። ቅዳሜ ጠዋት መጥታ ኢንተርኔቱን ነቀለች፤ ይዛው በመጣችው አንቲቫይረስ ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች ፈተሸች፤ ማንም ያልጠራቸውን ሁለት ፕሮግራሞች አጠፋች። ፓስዎርዶቹንም አስቀየረች። ልትወጣ ስትል፣ እዚህ ላይ የሚሰካ ሌላ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ልብስ ሰፊዋ የለም አለች።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ እንደገና መኪና አሸነፈች።

እህቷ በሳምንቱ ተመልሳ አጸዳችው። ሰኞ ሦስተኛው መኪና መጣ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ታናሽየዋ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረች። "እትዬ፣ ጋራዥ ልትከፍቺ ነው ወይስ የደበቅሽኝ ነገር አለ?"

ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። ክርና ቁልፍ ከምታስቀምጥበት መሳቢያ ጥቁር ካልሲ አወጣች፤ ከካልሲው ውስጥ ፍላሽ። የሟች እናታቸው ድምፅ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው፤ አራት ደቂቃ። ኮምፒውተሩ በጸዳ ቁጥር፣ ድምፁ ደህና መሆኑን ለማየት ትሰካው ነበር። የደበቀችውም ቫይረስ አለበት ብለው እንዳያጠፉባት ፈርታ ነው።

"እኔ በበር ሳስወጣው አንቺ በጓሮ ታስገቢዋለሽ ማለት ነው" አለች እህቷ። ግን አልተቆጣችም። ፍላሹን ተቀብላ አስፈተሸችው።

ፍተሻው ሲያልቅ ፍላሹ ባዶ ሆኖ ታየ።

ልብስ ሰፊዋ ያልተተኮሰ ልብስ የተከመረበት ወንበር ላይ ከነልብሱ ተቀመጠች። "ሁለተኛ ሞተችብኝ" አለች ቀስ ብላ።

"ቆይ፣ ቶሎ አትቅበሪያት። ይሄኛው ቫይረስ ደባቂ ነው። እውነተኛውን ፋይል ይሰውርና በቦታው የራሱን ያስቀምጣል። እኔ ያጠፋሁት የሱን ነው።" የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ነካች። ፋይሉ ብቅ አለ። ከፈተችው።

"በሩን ቆለፍሽ?" አለች እናታቸው። "ቆልፌዋለሁ ማለት አይበቃም። ሄደሽ በእጅሽ ግፊው።"

ሁለቱም ሳቁ፤ ታላቅየዋ በሳቋ መሃል ዓይኗን በቀሚሷ እጅጌ ጠረገች።

ድምፁን ኮምፒውተሩ ላይና አዲስ ፍላሽ ላይ ገለበጡት፤ አዲሱን ታናሽየዋ ይዛው ሄደች። ከመሄዷ በፊትም የተሰካ ነገር ሁሉ ሳይፈተሽ በራሱ እንዳይከፈት አደረገች።

አሁን የልብስ ሰፊዋ ልጅ ከጓደኛዋ ፍላሽ ተውሳ ስትመጣ እናትየው ኮምፒውተሩ ፊት ቆማ ትጠብቃታለች። ልጅቱ ፈትሼዋለሁ እኮ ትላለች።

"ፈትሼዋለሁ ማለት አይበቃም" ትላለች እናት፣ መዳፏን ዘርግታ።