ወፍ ዘራሽ

ጉም ነበር… ከጀማ ገደል የሚወጣ ጉም።

በጉሙ ውስጥ ስንዴ። ማንም ያልዘራው ስንዴ… በመስመር የቆመ፣ ነፋስ ሳይኖር የሚንሾካሾክ።

ማን ዘራው?

ወፍ ዘራሽ ይሉታል በአገራችን በጅሩ፣ ሰው ሳይዘራው የሚበቅለውን። ካለፈው ዓመት ረግፎ የቀረ ፍሬ ነው፤ ዝናብ ሲያገኝ ይነሣል። አውቃለሁ። የገበሬ ልጅ ነኝ፣ የገበሬ ሚስት ነኝ፤ አውቃለሁ። ግን ያንን ማሳ በጉም ውስጥ ያየ ሰው፣ አውቃለሁ ብሎ አያልፍም።

በዚያ ማሳ ለመጨረሻ ጊዜ የዘራው ባሌ ማሙሸት ነበር።

ዓመቱን ከዳር እስከ ዳር አስቀድሞ የሚያይ ሰው ነበር ማሙሸት። ገና በበጋ፣ መረሬው መሬት ተሰነጣጥቆ እግር በሚውጥበት ጊዜ፣ በድንበሩ ላይ ወዲያና ወዲህ እያለ ይነግረኝ ነበር… በግንቦት የመጀመሪያውን እርሻ ገመሳውን፣ በሰኔ ሁለተኛውን አይመሳውን፣ ውሃ እንዳይተኛበት መደቡንና ቦዩን፣ በሐምሌ ዘሩን፣ በነሐሴ አረሙን።

“አስካለ፣ ስንዴ የሚጠፋውም የሚድነውም ከመዘራቱ በፊት ነው” ይለኝ ነበር።

ሁሉን አስቦ ነበር። ሁሉን… የጀማን ወንዝ ግን አላሰበውም።

ቡቃያው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ፣ ቆላ የገዛውን በሬ ሊያመጣ ሄደ። ወረደ በገደሉ… ወረደ በጉሙ ውስጥ። ወንዙ ሞልቶ ነበር።

በሬው መጣ።

ብቻውን መጣ በሬው… ገመዱ አንገቱ ላይ እንደ ረጠበ፣ የማያውቀውን ዳገት ወጥቶ፣ የማያውቀውን ደጅ አግኝቶ። ደጃችን ላይ ቆሞ ተመለከተን።

ማን መራው?

የመንደሩ ወንዶች ወንዙን ተከትለው ፈለጉ። አስከሬን አልተገኘም። አስከሬን ስለሌለ፣ እናቱ እማማ በለጥሻቸው ለቅሶ አልቀመጥም አሉ። ልጄ ቆላ ነው ያለው አሉ፤ ሲመለስ ስንዴውን ያጭዳል አሉ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሰው ከደጅ መለሱት።

እኔም ጥቁር አልለበስኩም። ሚስት አልነበርኩም፤ መበለትም አልነበርኩም… በመካከል ነበርኩ፣ እንደ ጉሙ፣ የገደሉም ያልሆንኩ፣ የሰማዩም ያልሆንኩ።

ስንዴው አፈራ። ነጣ። ማጭድ እንዳይነካው ከለከሉ እማማ። ቆሞ ረገፈ፣ እኛም በታችኛው ማሳ ምስር ዓመቱን ገፋን። የበልጉ ዝናብ ሲጥል ተነሣ… ራሱን ችሎ ተነሣ። ጎርፉ ፍሬውን ወደ ቦዮቹ አጥቦ ሰብስቦት ኖሯል፤ በቀለ በመስመር፣ ሰው በእጁ ያሰለፈው ይመስል።

እማማ ክንዴን ይዘው ወስደው አሳዩኝ።

“አየሽ?” አሉኝ በሹክሹክታ። “ማን ዘራው?”

ወፍ ዘራሽ ነው አላልኳቸውም። አለማለቴን እንደ መልስ ያዙት።

ከዚያ ወዲህ ስንዴው በየዓመቱ እየረገፈ ይነሣ ነበር፤ እሳቸውም ጠዋት ጠዋት፣ ጉሙ ሳይገለጥ፣ ወደ ስንዴው ይገቡ ነበር። ትከሻቸው ይጠፋል፣ ሻሻቸው ይጠፋል፣ ድምፃቸው ብቻ ይቀራል። “ማሙሸት!” ይላሉ። ከገደሉ ውስጥም “…ሙሸት” ይላል። የገደል ማሚቶ ነው፤ አውቃለሁ። ግን ሲመለስ የሴት ድምፅ አይመስልም ነበር።

ሲወጡ የቀሚሳቸው ጫፍ ቢጫ ነው። መዳፋቸው ቢጫ ነው።

ዋግ ነበር። በቅጠሉ ላይ እንደ ዱቄት የሚቀመጥ፣ ነፋስ የሚሸከመው፣ ስንዴን በቁሙ የሚያደርቅ ዋግ። እሳቸው ግን መዳፋቸውን ለፀሐይ እያሳዩ፣ ልጄ የላከልኝ ወርቅ ነው ይሉ ነበር።

ሄደ ዋጉ በነፋስ… ሄደ ድንበር ተሻግሮ። በሦስተኛው ዓመት የጎረቤታችን የጋሽ ወንድይራድ ስንዴ ገና ሳያሽት ቢጫ ለበሰ። ሲወቁት ገለባ ብቻ ሆነ። ስድስት ነፍስ የሚያሳድሩ ሰው ናቸው። ምንም አላሉንም። በድንበሩ ሲያልፉ አንገታቸውን ደፍተው ያልፉ ነበር… ቢሰድቡን ይሻለኝ ነበር።

በግንቦት፣ ማሳቸው የተያያዘ ገበሬዎች በኩታ ገጠም ሊያርሱ፣ ዓመቱን ሊያቅዱ ከግራሩ ሥር ተሰበሰቡ። እኔም ሄድኩ። ዋግ የሚቋቋም አንድ ዓይነት ዘር እንዲዘሩ ተስማሙ። ዘሩ በአንድ ሰሞን መሬት እንዲገባ፣ ዩሪያው ቡቃያው ሲያቆጠቁጥ እንዲጨመር፣ ቅጠሉን በየተራ እየዞሩ እንዲያዩ ተስማሙ። ማሙሸት የሚያወራ መሰለኝ። እያንዳንዱ ወር በቦታው ነበር… እሱ ብቻ አልነበረም።

በመጨረሻ ሕይወት የምትባል የግብርና ባለሙያ ተነሣች። የሁሉም መጀመሪያ ወፍ ዘራሹን አርሶ መቅበር ነው አለች፤ ዋጉ ከዓመት ወደ ዓመት የሚሻገረው በሱ ላይ ነው አለች።

ማንም ወደ እኔ አላየም። ሁሉም መሬት መሬት አየ… በዚያ ዝምታ ውስጥ የባሌን ማሳ ሰማሁት፣ ነፋስ ሳይኖር ሲንሾካሾክ።

ቤት ስደርስ እማማ ምስር እየለቀሙ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ልከራከራቸው አልቻልኩም። ማሙሸት ይነግረኝ እንደ ነበረው ነገርኳቸው… በግንቦት ገመሳውን፣ በሰኔ አይመሳውን፣ መደቡንና ቦዩን፣ በሐምሌ ዘሩን። እጃቸው ከሰፌዱ ላይ ቆመ። የልጃቸውን አነጋገር ለይተውት ነበር።

“ከገመሳው በፊትስ?” አሉኝ።

“ወፍ ዘራሹ ይቀበራል፣ እማማ።”

መዳፋቸውን አዩ። ታጥበው ነበር፤ ቢጫው ግን ከመዳፋቸው ስንጥቅ አልለቀቀም።

“የወንድይራድን ስንዴ የበላው ከኛ የሄደው ነው?”

“ከኛ የሄደው ነው።”

“ማሙሸት የጎረቤት ልጆችን አያስርብም” አሉ ቀስ ብለው። “እንግዲያው ይኼን የዘራው ልጄ አይደለም።”

ምስሩን መልቀም ቀጠሉ… ጠጠሩንም ፍሬውንም የሚያዩ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ጋሽ ወንድይራድ የራሳቸውን በሬ ከኛ በሬ ጋር ጠምደው መጡ። ከጀማ ብቻውን ከመጣው በሬ ጋር። ጉም ነበር… ከገደሉ የሚወጣ ጉም። ጥማዱ ከማሳው ዳር ሲደርስ የኛ በሬ ቆመ።

ጋሽ ወንድይራድ ጅራፍ አጮሁ። አልሄደም። ጆሮውን ወደ ገደሉ አቅንቶ፣ አንድ የሚጠራው ሰው ያለ ይመስል፣ ቆመ። እኛ የምንሰማው ነገር አልነበረም። ቆዳው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሽ ወንድይራድ አማተቡ፤ እጃቸው ከዕርፉ ላይ ሲላላ አየሁ። ዛሬ ይቅር ሊሉ ነው አልኩ በልቤ… ዛሬ ከቀረ ደግሞ ለዘላለም ነው።

ያን ጊዜ እማማ መጡ።

የበሬውን ግንባር ዳሰሱ፣ በጆሮው አንድ ነገር አሉት። ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ በኋላም አልጠየቅኳቸው። ከዚያ ገመዱን ያዙና ፊታቸውን ወደ ስንዴው አዞሩ። ገቡ እማማ… ገባ በሬው ተከትሏቸው። ማረሻው መሬቱን ሲሰነጥቀው፣ አረንጓዴው ሲገለበጥ፣ ቢጫው ዱቄት እንደ ጭስ ሲነሣ፣ እየመሩ ሄዱ፤ ደርሰው ተመለሱ፤ ደግሞ ሄዱ።

መካከል ላይ ቆሙ። ገመዱን ለቀቁ። ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣

“ልጄ ሞተ!” አሉ።

ሦስት ዓመት የታፈነ ጩኸት ነበር። ጋሽ ወንድይራድ ዕርፉን ጥለው “ወንድሜን!” እያሉ ወደ እሳቸው ሮጡ። ሰው ጩኸቱን ሰምቶ ከየቤቱ ወጣ፣ በጉሙ ውስጥ እየተንጠባጠበ መጣ፣ በታረሰው መሬት ላይ ቆሞ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ጥቁር ለበስኩ በዚያው ቀን… ለበስኩት፣ ሸክሙም ቀለለኝ።

ለቅሶው ሲያበቃ ገመሳው ቀጠለ። በሰኔ አይመሳው፣ መደቡና ቦዩ። በሐምሌ ዘሩ። በነሐሴ አረሙ። ወሩ ሁሉ እሱ ባስቀመጠው ቦታ መጣ፣ አለፈ።

በመስከረም ጉሙ ከበፊቱ ይልቅ ከበደ። ዋግ የሚወደው ጊዜ ነው። እማማና እኔ ጎን ለጎን እየሄድን ቅጠሉን በጣታችን እናብሳለን፣ ጣታችንን እናያለን። አብሰን እናያለን… ትንፋሻችንን ይዘን እናያለን። አንድ ጠዋት በጋሽ ወንድይራድ ድንበር ጣቴ ቢጫ ሆነ። በዕለቱ ሰው ተጠራ፣ መድኃኒት ተረጨ፣ ነጠብጣቡ እዚያው ደረቀ።

ስንዴው አሸተ። በኅዳር ታጨደ፤ የኛም፣ የጋሽ ወንድይራድም።

ከዚያ ስንዴ ለተዝካሩ ዳቦ ጋገርን። ሰው ዳስ ውስጥ ተቀመጠ። ቄሱ ለጸሎቱ የክርስትና ስሙን ጠየቁ።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ… ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙን ለሙታን ጸሎት እንዳልሰጥ ያስማሉኝ ሴት፣ ወደ እኔ ዞሩ።

“ንገሪያቸው፣ ልጄ” አሉኝ።

“ኃይለ ገብርኤል” አልኩ።

“ነፍሱን ይማር” አለ ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ። ከሁሉ ኋላ፣ ብቻቸውን፣ እማማ “ይማር” አሉ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ከዳቦው ቆርሰው ሰጡኝ፤ ከዚያ ለራሳቸው ቆረሱ። ገና ትኩስ ነበር። በላን።