የኦቦ ሚልኬሳ በርሜል

ወርቅቱ ቡራዩ ውስጥ የባዮሎጂ መምህርት ናት። ዓመት ከመንፈቅ ለሆናት ልጇ ለሀሴት በየቅዳሜው እንቁላል የምትገዛው ከጎረቤቷ ከኦቦ ሚልኬሳ ነበር። አስኳሉ እንደ ብርቱካን የደመቀ ነው። አንድ ቅዳሜ ሽማግሌው እንደ ወትሯቸው ሳያመጡላት ሲቀሩ ፌስታሏን ይዛ ወደ ጓሯቸው ዘለቀች።

«ኮቱ፣ ነይ ቲቸር፣ የዶሮዎቼን ቀለብ ላሳይሽ!» አሉና የበርሜሉን ክዳን አነሱት።

ሽታው ፊቷን እንደ ጥፊ መታት። በኮመጠጠ የሆቴል ፍርፋሪና ከቄራ በመጣ ፈርስ መሀል የሰባ ነጭ ትል ይርመሰመሳል። አንዱ ባንዱ ላይ ሲገለባበጥ እርጥብ ድምፅ ይሰማል። ኦቦ ሚልኬሳ በባዶ እጃቸው ዛቅ አድርገው በተኑት። ዶሮዎቹ ተሻሙ። አንዷ ትሉን ምንቃሯ ላይ አንጠልጥላ ስታራግፈው ወርቅቱ አጥሩን ተደግፋ ቁርሷን አስመለሰች።

«ልጄ የምትበላው ይሄንን ነው?»

«ልጅሽማ እንቁላል ነው የምትበላው» አሉ ቅር ብሏቸው። «ትሉ ፍርፋሪውን፣ ዶሮዋ ትሉን። አንቺስ ይሄንኑ አይደል የምታስተምሪው?»

ታስተምረዋለች። የፀሐይ ጉልበት በቅጠሉ ገብቶ ወደ በላተኛው ይሻገራል፤ በየደረጃው አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ ከተረፈውና ከበሰበሰው ደግሞ ትልና ሻጋታ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ሰሌዳ ላይ በቀስት ስትስለው ግን አይሸትም።

ቤት ስትደርስ እህቷ ተስፋነሽ ካለፈው ቅዳሜ የተረፈውን እንቁላል ቀቅላ ሀሴትን እያጎረሰቻት ነበር። ወርቅቱ ሳህኑን መንጭቃ ደፋችው። ሕፃኗ እሪ አለች።

«ምን ሆነሻል? አበድሽ?» አለች ተስፋነሽ።

«ትል ነው የምታበያት!»

ከዚያ ወዲያ ወር ሙሉ እንቁላል ቤቱ አልገባም። ከሱቅ ልትገዛ ትወጣና የዚያኛውስ ዶሮ ምን በልታ ይሆን እያለች ባዶ እጇን ትመለሳለች። ጎመኑ በፍግ መብቀሉ ትዝ ሲላት እሱም አስጠላት። ሀሴት ገንፎውን እየተፋች «ቁላል፣ ቁላል» ትላለች። ጤና ጣቢያ ስትመዘን ክብደቷ ቀንሶ ተገኘ።

«ምን አቋረጣችሁባት?» አለቻት ነርሷ። ወርቅቱ ለመናገር አፈረች።

በማግስቱ ኦቦ ሚልኬሳ ደጃፍ ቆመች፤ ግቢ ቢሏት እምቢ አለች።

«እዚሁ ያምጡልኝ፣ እባክዎ።»

እንቁላሉን ቤቷ ወስዳ ቀቀለችው፤ ፊቷን አዙራ ላጠችው፤ ትንፋሿን ይዛ ልጇን አጎረሰቻት። ሀሴት እያጨበጨበች ደግማ አፏን ከፈተች። አገጯ ላይ የተጣበቀውን አስኳል ወርቅቱ በጨርቅ ጠረገችላት። ከዚያ ጨርቁን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወስዳ ጣለችው፤ እጇንም ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበች።